ጫፉን የያዘው

ዶክተር ቬንደሊን ኦንድረይካ በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ቤታቸው ኮሪደር ላይ ወደቁ። የቤተ ሙከራቸው ረዳት ዤልሚራ ይህን የሰማችው አምስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ የዕለቱን የእርሾ ማብቀያ ሳህኖች ደርድራ፣ የእሳቸውን የሻይ ኩባያ አጥባ ትጠብቃቸው ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አርፍደው የገቡት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንዴ እናታቸው የሞቱ ዕለት፣ አንዴ ትራሙ ከሐዲድ የወጣ ዕለት። ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ደህና እንዳልሆኑ ገብቷታል። ግን ምን ታድርግ? የቤታቸውን ስልክ አታውቀውም። ሰጥተዋት አያውቁም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

ወሬውን ይዞ የመጣው ራዱዝ ቤንኮ ነው፤ በዶክተሩ ሥር የሚሠራ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ አነጋገሩም አረማመዱም የሚፈጥን ሰው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት አምቡላንስ እንደጠራላቸው፣ ነፍሳቸው እንዳለች፣ ቀኝ ጎናቸው ግን እንደማይንቀሳቀስና አፋቸውም እንደተያዘ ነገራት። ዤልሚራ ሰምታ ስትጨርስ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ የሙቀት ሳጥኑን ከፍታ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አስገባች። የማክሰኞዎቹ ሳህኖች ማክሰኞ መግባት አለባቸው።

ወደዚህ ቤተ ሙከራ የመጣችው የሩሲያ ታንኮች ብራቲስላቫ በገቡ በዓመቱ ነው። ባሏ በዚያ ሰሞን ድንበሩን ተሻግሮ ቪየና ገባ። ቤት እንዳገኘሁ እልክብሻለሁ ብሏት ነበር። አንድ ፖስታ ካርድ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። እሷ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር፤ የኮብላይ ሚስት ልጆች ፊት አትቆምም ተብላ ተባረረች። ሰባት መሥሪያ ቤት ሄደች፤ ሰባቱም ወረቀቷን እያዩ መለሷት። እዚህ ስትመጣ ዶክተር ኦንድረይካ ወረቀቷን ተቀብለው ሳይገልጡት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና «ብርጭቆ ሲያጥቡ ይሰብራሉ?» ብለው ጠየቋት። አልሰብርም አለች። በማግስቱ ሥራ ጀመረች። በዚህ ምክንያት ምን እንደደረሰባቸው፣ የፕሮፌሰርነት ማዕረጉ ለምን እንደቀረባቸው፣ እሳቸው ትንፍሽ አላሉም። እሷም ያወቀችው ከብዙ ዓመት በኋላ ከሌላ ሰው ነው።

ብርጭቆ ከማጠብ ተነሥታ የቤተ ሙከራው እጅ ሆነች። ዶክተሩ የሚያጠኑት የዳቦ እርሾን ነው፤ ስለዚህ ክፍሉ ከዓመት እስከ ዓመት የቡሆ ሽታ ይሸታል። የሚፈልጉት ግን ስለ ዳቦ አልነበረም። በእያንዳንዷ የእርሾ ህዋስ ውስጥ ስላሉት ክሮሞዞሞች ጫፍ ነበር። ለዤልሚራ ያስረዷት አንድ ቀን የካፖርታቸውን ቁልፍ ክር እየጎተቱ ነው። ክሮሞዞም ረጅም ክር ነው አሏት፤ ህዋሷ የተበጠሰ ክር ካየች ደንግጣ ሥራዋን ሁሉ ታቆማለች፤ ታዲያ ጤነኛውም ክር እኮ ጫፍ አለው፣ የራሷን ጫፍ ስታይ ለምን አትደነግጥም? ጫፉ ላይ የተቀመጡ ፕሮቲኖች ስላሉ ነው። ጫፉን ይዘው፣ ይህ ስብራት አይደለም፣ ክሩ እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው፣ ሥራሽን ቀጥዪ ይሏታል።

ከነዚያ ፕሮቲኖች አንዱ የተበላሸበት እርሾ ነበራቸው። ይህ እርሾ በሃያ አምስት ዲግሪ ምንም አይሆንም። ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ግን ፕሮቲኑ ከጫፉ ይለቃል፣ ክሩም ከጫፉ ጀምሮ መበላት ይይዛል። በማይክሮስኮፕ ስታይ ሊለያዩ የነበሩ እናትና ልጅ ህዋሶች እንደተጣበቁ ቆመው ታገኛቸዋለች። ሳህኑ ላይ ምንም አይበቅልም።

ዶክተሩ ያመኑበት ነገር አንድ ነበር፦ ያ ፕሮቲን ብቻውን አይደለም፤ አጠገቡ ሌላ አለ፤ ያኛው በብዛት ቢሰጣት ህዋሷ ዋናው ሲለቅ በእሱ ትድናለች። ይህን ለማግኘት የእርሾውን ጂኖች በሙሉ በቁርጥራጭ እየከፈሉ፣ ቁርጥራጩን በበሽተኛው እርሾ ውስጥ እያስገቡ፣ ሙቀት ውስጥ ከትተው የተረፈ እንዳለ ማየት ነው። ለመናገር ይቀላል። ዤልሚራ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአራት ሺህ ሳህን በላይ አዘጋጅታለች። አሥራ አንድ ጊዜ የተረፈ ተገኘ። አሥራ አንዱም ሲታዩ ያው ናቸው፤ ውስጣቸው የገባው ቁራጭ የተበላሸው ፕሮቲን የራሱ ጤነኛ ጂን ነበር። የጎደላትን መልሰው ቢሰጧት መዳኗ የሚያስገርም አይደለም።

ራዱዝ በዚህ ይቀልድ ነበር። «ወይዘሮ ዤልሚራ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አንኳኩተው አሥራ አንዴም ያው ሰውዬ ከከፈተልዎት፣ ቤት ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው» ይላታል። ክፋት ግን የለበትም። ዶክተሩ ሆስፒታል ከገቡ በሳምንቱ ቤተ ሙከራውን እንዲመራ ተደርጎ፣ የሙቀት ሳጥኑን ለራሱ ሥራ እንደሚፈልገው ሲነግራት አንገቱን እየዳበሰ ነው። ዤልሚራ የቀሩት ሳህኖች ወደ አምስት መቶ እንደሚሆኑ፣ እስከ ገና እንደምትጨርሳቸው ነገረችው። ራዱዝ ሳጥኑን አየ፣ እሷን አየ፣ እስከ ገና ይሁን አለ።

ሐሙስና እሑድ ሆስፒታል ትሄዳለች። ዶክተሩ ተኝተው ጣራውን ያያሉ። አፋቸው ውስጥ የቀረላቸው አንድ ቃል ነበር፤ «በኋላ» የምትል። ውሃ ሲጠማቸውም «በኋላ»፣ ሲያማቸውም «በኋላ»፣ ሰው ሲመጣም ሲሄድም «በኋላ»። ዤልሚራ የምታወራው ነገር ስለሌላት ሥራውን ትነግራቸዋለች። ሰኞ ስልሳ ሳህን፣ ምንም። ሐሙስ ስልሳ ሳህን፣ ምንም። የራዱዝ አዲስ ተማሪ አልኮሉን አፈሰሰው። ምግብ ቤቱ ፖፒ የሚሉት ጥቁር ፍሬ የተነሰነሰበት ፓስታ አወጣ፣ ደረቀባቸው። ዶክተሩ ያዳምጣሉ፣ ወይም ያዳመጡ ይመስላሉ፤ ስትጨርስ «በኋላ» ይላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሥታ «ደህና ይደሩ፣ ዶክተር» ብላ ትወጣለች።

እዚያ አገር ሰው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» በዋዛ አይሻገርም። አብሮ መሥራት ብቻውን አያሻግርም፣ ዓመታትም አያሻግሩም። አንዱ ወገን በግልጽ ማንሳት አለበት፤ ከእንግዲህ «አንተ» እና «አንቺ» እንባባል ብሎ፣ ብዙ ጊዜም መለኪያ ይዞ። የማንሳቱ መብት የሴቷ ነው። አለዚያም የታላቁና የአለቃው ነው። ዤልሚራ ሴት ናት፤ ዶክተሩ በዕድሜም በሥልጣንም ይበልጧታል። ስለዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ እሳቸውን ስትጠብቅ ኖረች። እሳቸው ደግሞ ምናልባት እሷን ሲጠብቁ ኖረዋል። ምናልባትም ሐሳቡ በአእምሯቸው ውልብ ብሎ አያውቅም። ይህንን ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበራትም።

ተማሪዎቹ «እትዬ» ይሏታል። ራዱዝ «ወይዘሮ ዤልሚራ» ይላታል። በሕንፃዋ ሊፍት ውስጥ የሚያገኟት ጎረቤቶች ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እንዴት ዋሉ» ይሏታል። «አንቺ» የምትላት እህቷ ብላዤና ብቻ ነበረች፤ ባለፈው ፀደይ ትርናቫ ውስጥ በጉበት በሽታ ሞተች። ዤልሚራ ከቀብር በኋላ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ ይህንኑ አስባ፣ በዓለም ላይ «አንቺ» የሚለኝ ሰው አለቀ ብላ፣ ወዲያው ሞኝ ሐሳብ ነው ብላ ጣለችው። ሐሳቡ ግን አልተጣለላትም፤ ሱቅ ስትገባ፣ ፖስታ ቤት ስትሰለፍ፣ ሰዎች ሲነጋገሩ በሰማች ቁጥር ጆሮዋ ያንን ብቻ እየለየ ይለቅምባት ጀመር።

የመጨረሻዎቹን ሳህኖች ያስገባችው ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ሳህን የሚታየው በአራተኛው ቀን ስለሆነ ቀኑ በገና ዋዜማ ላይ ዋለ። ራዱዝ፣ ከበዓል በኋላ ይዩት ምን ቸኮለ ብሏት ወደ አማቾቹ ሄዷል። እሷ ግን ጠዋት የጎመን ሾርባዋ አርራ ከሰል እንዳትሆንባት እሳቱን አጥፍታ፣ ባዶ ትራም ተሳፍራ መጣች። ሕንፃው ተዘግቷል። ጥበቃው አቶ ማቴይ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ።

«ዛሬም?» አላት። «እንስሳት እንኳ ዛሬ ያርፋሉ፣ የእርስዎ እርሾ አያርፍም?»

«እሱ ካረፈ እኔም አርፋለሁ» አለችው።

«ለገና ማታው ዓሣ ገዝተዋል ቢያንስ?»

አልገዛችም። ለአንድ ሰው ሙሉ ዓሣ ምን ይሠራል? ገዝቻለሁ ብላው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣች።

ሳህኖቹን በመስኮቱ ብርሃን እየገለጠች አየች። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። አርባኛውን ስታልፍ እጇ ቀድሞ እያስቀመጠ፣ ዓይኗ እየተከተለ፣ እንደ ማሽን ሆነች። ስለዚህ ልታልፋት ምንም አልቀራትም። ሳህኑ ጠርዝ አጠገብ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። የበፊቶቹ አሥራ አንዱ በሁለት ቀን ወፍረው የሚወጡ፣ ከሩቅ የሚታዩ ነበሩ። ይህች የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ዤልሚራ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገች። ጉድፍ ናት ብላ በጥርስ እንጨት ጫፍ ነካቻት፤ ለስለስ ያለች ናት፣ እርሾ ናት። ከውጭ የገባ ሌላ እርሾም ሊሆን ይችላል። ደስ አላላትም ገና፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያታልል ብዙ አይታለች። ከነጥቧ ግማሹን ወስዳ አዲስ ሳህን ላይ ዘረጋችውና ቀኑን ጻፈችበት።

በዚያ ማታ ቤቷ ሾርባዋን አሙቃ፣ የገናውን ስስ ቂጣ ማር ቀብታ፣ ራዲዮ ላይ መዝሙር ከፍታ በላች። ለድንገተኛ እንግዳ ተብሎ የሚቀመጠውን ትርፍ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እናቷ ስታስቀምጥ ነው ያደገችው። ከበላች በኋላ ሁለቱንም ሳህን አጠበች።

በበዓሉ ሁለት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ሄደች። አቶ ማቴይ ቀልዱን ትቶ ሳትጠይቀው ይከፍትላት ጀመር። ነጥቧ የራሳቸው እርሾ እንጂ ከውጭ የገባ አለመሆኗን አረጋገጠች። ከዚያ ውስጧ የገባውን ቁራጭ ጂን አስወጣችና ሙቀት ውስጥ አስገባቻት፤ ሞተች። ቁራጩን ለብቻው አውጥታ በሌላ በሽተኛ እርሾ ውስጥ አስገባችው፤ ያ እርሾ ተረፈ፣ ቀስ ብሎ፣ በአራት ቀኑ። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስቱም ጊዜ ያው ሆነ። የቀረው ቁራጩ ያው የድሮው ጂን መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። ለዚህ ቁራጩን በኢንዛይም ቆርጦ ጄል በሚሉት የረጋ ሙጫ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማስሮጥና የቁርጥራጮቹን ርዝመት ከበፊቶቹ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ይህን ያደረገችው ገና ካለፈ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሚውለው በሦስቱ ነገሥታት በዓል ዕለት ነው። አሥራ አንዱን የድሮ ናሙና ከፍሪዘር አወጣች፣ በጎን በጎናቸው አዲሷን አሥራ ሁለተኛ አድርጋ ጫነች፣ ኤሌክትሪክ ለቀቀችበት፣ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ጨለማ ክፍል ገብታ ጄሉን መብራቱ ላይ ስታሳርፈው አሥራ አንዱ መስመር አንድ ዓይነት መሰላል ሆኖ ተሰለፈ። አሥራ ሁለተኛው አይመሳሰልም። አንዱም ቁራጭ ከአንዱም ጋር አይገጥምም።

ዤልሚራ እዚያው ቆመች። ፎቶ ማንሳት እንዳለባት ትዝ ሲላት ስንት ደቂቃ እንደቆመች አላወቀችም። ፎቶውን አነሳች፣ ቀኑን ጻፈችበት፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ረጅም ኮሪደር ነው፤ በበዓል ቀን መብራቱ አይበራም። በየበሩ ላይ ያሉትን ስሞች እያነበበች እስከ መጨረሻው ሄዳ ተመለሰች። ወደ ታች ወርዳ ለአቶ ማቴይ ዛሬ ትልቅ ነገር እንደሆነላት ነገረችው። አቶ ማቴይ ጡረታዋ የተፈቀደላት መስሎት፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ከእንግዲህ ጠዋት መተኛት ነው አላት። አላረመችውም። አመስግና ወጣች።

ሆስፒታል ስትደርስ ሊመሽ ነበር። ዶክተሩ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት ሌሎች ቃላትም ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው ነበር፤ «መስኮት»፣ «ብርድ»፣ «ክቬታ» እያሉ፤ ክቬታ ኮሺትሴ ከተማ ያለችው ልጃቸው ናት። ዤልሚራ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፎቶውን ከቦርሳዋ አውጥታ በደህናው ግራ እጃቸው አስያዘቻቸው። ምን እንደሆነ ካልገባቸው መናገሩ ምን ያደርጋል? ከገባቸውም መናገር አያስፈልግም።

ፎቶውን አልጋው ላይ አስቀመጡና በጣታቸው ከግራ ጀምረው እያንዳንዱን መስመር መንካት ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠሩ ነው። አሥራ አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸው አሥራ ሁለተኛው ላይ አረፈና ሳይነሣ ቀረ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ» አሉ።

ዤልሚራ ዞር ብላ አየች። አጠገባቸው ያለው አልጋ ባዶ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

«አንቺ… አየሽው?»

«አየሁት፣ ዶክተር። በገና ዋዜማ።»

«ትንሽ።»

«አዎ፣ በጣም ትንሽ ናት። ቀስ ብላ ነው የምታድገው፣ አራት ቀን ፈጀባት። ላልፋት ነበር።»

አላለፍሽም እንደ ማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ የሚሉትን ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን ነበርኩ» አለች።

ግራ እጃቸውን ዘርግተው የካፖርቷን እጅጌ ያዙ። ክንዷ ላይ አልደረሱም፤ ጨርቁን ብቻ ነው የያዙት፤ እንደያዙት ቆዩ። በረዶ ሲቀልጥ እጅጌዋን አርጥቦት ነበር፤ እጃቸው ረጠበ። እሷም አልተንቀሳቀሰችም።

ነርሷ መድኃኒት ይዛ ስትገባ ለቀቁት። ነርሷ ተጫዋች ሴት ናት፤ ትራሱን እያስተካከለች ለዤልሚራ በዝግታ፣ «አንቺ» ሲሉዎት ሰማሁ፣ እንዳይቀየሟቸው አለቻት። «ቋንቋው ሲመለስ እንዲህ ነው። የክብሩ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ትናንት ዋናውን ሐኪም ‹አንተ፣ ውሃ› አሉት። እሱም ስቆ ቀዳላቸው።»

ዤልሚራ እንደማትቀየም ነገረቻት። ነርሷ ከወጣች በኋላ ትንሽ ተቀመጠች። ሐኪሙንም እንዲያ ካሉት ቃሉ የበሽታው ነው። ግን እጅጌዋን የያዙት እጅ የበሽታው አልነበረም፤ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ የቆመው ጣትም እንደዚያው። ሁለቱን ለመለየት ሞከረችና አቃታት። ለመሄድ ስትነሣ ዶክተሩ ፎቶውን መልሰው አንሥተው ወደ መብራቱ አስጠግተው ያዩ ነበር። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

«ደህና እደር» አለች።

ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። የሰሟት አይመስልም። ከፎቶው ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

ራዱዝ ከበዓል ሲመለስ ዤልሚራ ፎቶውንና ሦስቱን ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ቁጭ ብሎ አየ፤ እንደ አመሉ አልቀለደም። በዚያ ሳምንት ሳጥኑን ለራሱ ሥራ ሳይወስድ ቀረ። ራሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው፣ ቁራጩንም ፊደል በፊደል አስነበበው። አዲስ ጂን ነው። የሚሠራው ፕሮቲን በእርግጥም ከዋናው ጎን ጫፉ ላይ የሚቀመጥ ሆኖ ተገኘ። በየካቲት መጨረሻ ተማሪዎቹ ሁሉ ባሉበት፣ ዶክተር ኦንድረይካ ትክክል ነበሩ፣ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ሳጥኑን በኅዳር ወስጄው ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር አይገኝም ነበር ብሎ ተናገረ። እንዲህ ለማለት የደፈረ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ብዙ አልነበረም፤ ዤልሚራ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደደችው።

በዚያው ሰሞን አንድ ሐሙስ ሆስፒታል ስትገባ ዶክተሩ ተላጭተው፣ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ከወንበሩ ለመነሣት ሞከሩ። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ድንጋይ ላይ እንደሚረግጥ ሰው እየተጠነቀቁ፣ «ወይዘሮ ዤልሚራ… እንዴት ነዎት? ስለመጡ… አመሰግናለሁ» አሉ።

ነርሷ በደስታ አጨበጨበች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ክብሩም ሳይቀር ተመለሰላቸው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው አለች። ዤልሚራም ትልቅ ነገር ነው አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ራዱዝ ምን እንዳገኘ ነገረቻቸው። ብልህ ብልህ ጥያቄ ጠየቋት፤ ቃሉ ሲጠፋባቸው እሷ እያቀበለቻቸው። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ። ስትሄድ «ደህና ይደሩ» አለቻቸው፤ እሳቸውም «ደህና ይደሩ» አሏት። ከሆስፒታሉ ወጥታ የትራሙን ፌርማታ አልፋ፣ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ፣ ነፋሱ ፊቷን እየገረፋት እስከ ቤቷ ሄደች።

በመጋቢት ክቬታ መጥታ አባቷን ወደ ኮሺትሴ ወሰደቻቸው። ጽሑፉ በመስከረም ለኅትመት ተቀባይነት አገኘ። ራዱዝ የዶክተሩን ስም መጀመሪያ ላይ፣ የዤልሚራን ሁለተኛ፣ የራሱን መጨረሻ ላይ ነበር ያስቀመጠው። ዤልሚራ እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም ብላ ብትከራከረውም አልሰማትም። የዚያን ዕለት ቤተ ሙከራው ውስጥ ዳቦና ቋሊማ ቀረበ፣ ራዱዝ የአባቱን የፕለም አረቄ ከፍቶ ቀዳ። ለሁሉም ካዳረሰ በኋላ መለኪያውን ይዞ ዤልሚራ ፊት መጥቶ ቆመ። በዕድሜ ታናሽ ነው፣ ማንሳት የሷ ፋንታ ነው። ፊቱ ላይ ግን ሁሉም ይነበባል፤ አንዲት ቃል ብትወጣት ደስ ብሎት መለኪያውን ሊያጋጭ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «አንቺ» ሊላት ተዘጋጅቷል። ተማሪዎቹም ነገሩ ገብቷቸው ፀጥ አሉ።

ዤልሚራ አየችው። ደግ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ በየቀኑ አይመጣም። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ግን አልወጣላትም። ያ ቃል ከወራት በፊት አንድ ማታ ተሰጥቷት፣ ተወስዶባት፣ የተሰጣት ከልብ ይሁን ከበሽታ ሳታውቅ ቀርታለች። ሌላ ሰው በላዩ ላይ ደስ ብሎት ቢደርብበት የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋባታል መሰላት።

«ለጤናዎ፣ ዶክተር ቤንኮ» አለች።

ራዱዝ ለቅጽበት ዓይኑን ወደ መሬት ጣል አደረገ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ለጤናዎ፣ ወይዘሮ ዤልሚራ» አላት። ጠጡ። ተማሪዎቹ እንደገና ማውራት ጀመሩ።

ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ አንዱን ቅጂ በፖስታ መላክ ትችል ነበር። ከዚያ ይልቅ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቅምት ወር ሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቃ በባቡር ኮሺትሴ ሄደች። ዶክተሩ ከልጃቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በከዘራ እየተራመዱ በሩ ድረስ መጥተው ተቀበሏት፤ ክራቫት አስረው ነበር። ኬክ ቀረበ። ጽሑፉን በደህናው እጃቸው ገጽ በገጽ ገለጡ፣ ሥዕሎቹን አዩ፣ የጄሉ ሥዕል መጀመሪያ ላይ ለምን እንዳልመጣ… አይ፣ መጥቷል፣ ልክ ነው አሉ። ስሟን በጣታቸው ነክተው «ይገባዎታል» አሏት። ከዚያ ደከማቸውና ተቀምጠው እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ክቬታ፣ አባቴ ሲያወራ ስለርስዎ ብዙ ጊዜ ያነሣል አለቻት። ዤልሚራ ምን እንደሚሉ ለመጠየቅ አፏን ከፈተች፤ ግን ዶክተሩ ተኝተው፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ ልጃቸው ብርድ ልብስ ስትደርብላቸው አይታ ዘጋችው። የሰማሁት ይበቃኛል አለች በልቧ። ስትነሣ ክቬታ ለመንገድ ብላ በዳቦ መሃል የተጠበሰ ሥጋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት፤ እስከ ጣቢያው በመኪና አደረሰቻት፣ ጉንጯንም ሳመቻት።

ባቡሩ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ትይዩዋ የተቀመጠች ሴት ሹራብ ትሠራ ነበር። ታትራ ተራራ በመስኮቱ በኩል ብቅ ሲል ሴትዮዋ ቀና ብላ፣ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነው ብላ ጠየቀቻት። ዤልሚራ ወደ መስኮቱ ዞረች። ተራራው አናቱ ላይ አዲስ በረዶ ይዟል፤ ሜዳው ገና ቢጫ ነው።

«የሥራ ባልደረባዬ ታመው፣ እሳቸውን ልጠይቅ ሄጄ ነበር» አለች።

ሴትዮዋ ደግ አደረጉ ብላ ወደ ሹራቧ ተመለሰች። ዤልሚራ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ፈታች። ሥጋው ገና ለብ ያለ ነው። እየቆረሰች፣ የሚያልፉትን ጣቢያዎች ስም በዓይኗ እያነበበች፣ እስከ ዢሊና ከተማ ድረስ ቀስ ብላ በላችው።